ከኡዳይፑር እስከ ጆድፑር፦ የተቀደደ ቫልቮላ እና የመሸበት መንገድ

በሕንድ ራጃስታን ግዛት ከኡዳይፑር ተነስቶ በኩምባልጋርህ ምሽግና በራናክፑር የጃይን ሃይማኖት ቤተ መቅደስ በኩል ጆድፑር የሚያስገባው መንገድ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካርታ የሰባት ሰዓት መንገድ ያስመስለዋል። በዚያ አካባቢ ቱሪስት በሞተር ሳይክል የሚመሩ ሰዎች ግን የሚቆጥሩት ብርሃኑን ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 1 ሰዓት አልፎ ትወጣለች፣ 12 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ራናክፑር ደግሞ ለጎብኚ የሚከፈተው ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ ስለሆነ ቀኑ ከመሀሉ የተቆረጠ ነው።

አንድ አስጎብኚ ድርጅት በስድስት ሮያል ኤንፊልድ ክላሲክ 350 ሞተር ሳይክሎች ያሰማራው ቡድን ላይ የደረሰው ነገር እዚህ ይጀምራል። መሪው ከፊት፣ መካኒኩ ከኋላ ነበሩ። መነሻው ለ1 ሰዓት ተኩል ተቀጥሮ 3 ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ቁርስ ዘገየ፣ የሻንጣ ማሰሪያ ጠፋ። መካኒኩ የአምስቱን ሞተሮች ካቴና አይቶ የጎማቸውን አየር በመለኪያ ለካ። ባልና ሚስት ከነሻንጣቸው የተጫኑበት ስድስተኛው ዘግይቶ ስለመጣ የኋላ ጎማው በጫማ ተረግጦ ታለፈ። ይህ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። የሞተር ጎማ ጎኑ ደረቅ ስለሆነ አየሩ በግማሽ ጎድሎም ሲረግጡት ደህና ይመስላል። ሁለት ሰውና ጭነት ለያዘ የኋላ ጎማ 30 ፒኤስአይ የአየር ግፊትና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ የሚናገረው መለኪያ ብቻ ነው።

የድሮው ክላሲክ ቸርኬው በራጂ የተወጠረ፣ ጎማው ከላማዳሪ ያለው ነው። አየሩ ሲያንስ ጎማው ቸርኬውን አጥብቆ አይዝም። ከሳይራ ወደ ራናክፑር በሚወርደው የአራቫሊ ተራሮች ጠመዝማዛ ላይ ነጂው የኋላ ፍሬኑን በረገጠ ቁጥር ጎማው በቸርኬው ላይ ትንሽ ትንሽ እየተንሸራተተ ከላማዳሪውን ይዞት ሄደ። ቫልቮላው በቸርኬው ቀዳዳ የተያዘ ነውና መሄጃ አልነበረውም፤ ዘመመ፣ ከሥሩ ተቀደደ። አየሩ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ነጂው ማርሽ ሳይቀንስና ፍሬን ሳይነካ ነዳጅ መስጠቱን ብቻ አቁሞ ወደ ግራ ጠርዝ መውጣቱ ሁለቱን አዳናቸው። ቫልቮላው ላይ ያለው ዳዶ ቸርኬው ድረስ ጠብቆ ታስሮ ነበር። ዳዶው ወደ ላይ፣ ወደ ክዳኑ ተጠግቶ ቢሆን ኖሮ ቫልቮላው መዝመሙ ከመቀደዱ በፊት መንገድ ላይ ሲቆሙ በዓይን ይታይ ነበር።

እሾህ የበሳው ከላማዳሪ ይለጠፋል። በዚያ አገር በብዛት የሚበሳውም በአፋር የተንሰራፋው የፕሮሶፒስ ዛፍ እሾህ ነው። ከቫልቮላው ሥር የተቀደደ ግን ማስቲሽ አይዝለትም፤ ቦታው ወፍራምና ጠማማ ስለሆነ ልጣፉ ወዲያው ይለቃል። መካኒኩ ሁለት መጠባበቂያ ከላማዳሪ መያዝ ነበረበት፤ ሣጥኑን ሲከፍት ያገኘው አንድ ብቻ፣ እሱም የፊቱ ባለ 19 ኢንች። የኋላው 18 ነው። ሌላ ምርጫ ሲጠፋ የፊት ከላማዳሪ ኋላ ይገባል፤ ቀጭን ስለሆነ ግን ያለ ልክ ይወጠራል፣ ስለዚህ እስከ ቅርቡ ከተማ በዝግታ ብቻ ነው የሚነዳው።

ሲገጥም ችኮላ ያዘው። ትክክለኛው አሠራር ከላማዳሪው ቅርጽ እስኪይዝ ትንሽ አየር ሰጥቶ ማስገባት፣ የጎማውን ከንፈር ከቫልቮላው ተቃራኒ ጀምሮ መመለስና መጨረሻውን ቫልቮላው ጋ ማድረግ ነው። ተቃራኒው ወገን በጉልበት ተጭኖ የቸርኬው መሀል ጉድጓድ ውስጥ ከገባ የመጨረሻው ስንዝር ብዙ ኃይል አይጠይቅም። የጎማ መፍቻው ብረት በጣም ከከበደ ተቃራኒው ወገን ጉድጓዱ ውስጥ አልገባም ማለት ነው። እሱ ግን ብረቱን ጨመረበት፣ ብረቱም ከላማዳሪውን ከቸርኬው ጋር ቆነጠጠው። የቁንጥጫ ምልክቱ አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሁለት ትናንሽ ስንጥቆች ናቸው። እንደገና ወጣ፣ ተለጠፈ፣ ገባ። ከቆሙ ሁለት ሰዓት ሊሞላቸው ነው።

ራናክፑር ሲደርሱ 11 ሰዓት ሆኖ የመጎብኛ ጊዜው አልቋል። (በጊዜ ለሚደርስ፦ ቆዳ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ቀበቶ፣ የኪስ ቦርሳና የሞተር ጓንት ውጭ ይቀራሉ፤ ከጉብኝቱ ላይ ለዚህም ደቂቃ መያዝ ያስፈልጋል።) ጆድፑር ገና 160 ኪሎ ሜትር ይቀራል። የድርጅቱ አለቃ ለመሪው ስልክ ደወለ፤

«የጆድፑሩ ሆቴል ተከፍሎበታል። ቀስ እያላችሁ ግቡ።»

«ነገ ረፋዱ ላይ እንደርሳለን» አለ መሪው። «ዛሬ ግን አላንቀሳቅሳቸውም። እርስዎም እዚህ ቢሆኑ አይነዱም።»

ልክ ነበር። በዚያ መንገድ ሲመሽ ጭድ የቆለለ ትራክተር የኋላ መብራት ሳይኖረው ይሄዳል፣ ጥቁር የቤት ጎሽ አስፋልት ላይ ይተኛል፣ በየመንደሩ መግቢያ ቀለም ያልተቀባ የፍጥነት መግቻ ጉብታ አለ፣ መሀሉ ተከፍሎ መሄጃና መመለሻው በተለየው አውራ ጎዳና ላይም ማዞሪያው የራቀበት ሰው በተቃራኒ አቅጣጫ ይመጣል። የጭነት መኪና ረጅም መብራት ዓይን ላይ ሲያርፍ ከእነዚህ አንዱም አይታይም። በዚያ ላይ የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ በቀኝ የለመደ ሰው ሲደክመው፣ በተለይ ከነዳጅ ማደያ ሲወጣ፣ እጁ ወደ ቀኝ ይስበዋል።

ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው ሳድሪ አደሩ። ጠዋት አንድ ጎሚስታ ትክክለኛውን ባለ 18 ከላማዳሪ አስገባላቸው፤ ጎማውን በጨርቅ ከውስጥ ዳሶ አንድ የተሰበረ እሾህም አወጣ። በፓሊ አልፈው፣ አርኤንጄ 7773 የሚል ታርጋ ያለው ቡሌት ሞተር ሳይክል በመስታወት ውስጥ ቆሞ ከሚመለክበት ኦም ባና ከሚባለው ቤተ መቅደስ አጠገብ ሻይ ጠጥተው ጆድፑር ገቡ።

ድርጅቱ ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር ለወጠ። የእያንዳንዱ ጎማ አየር ከመነሳቱ በፊት በመለኪያ ተለክቶ ወረቀት ላይ ይጻፋል፣ ያልተጻፈለት ሞተር አይወጣም። የመካኒኩ ሣጥን ባለ 18 እና ባለ 19 ከላማዳሪ፣ የፍሪሲዮን ገመድና ካንዴላ ይይዛል። ራናክፑርን እስከ 9 ሰዓት ለቆ ያልወጣ ቡድን ደግሞ ማንንም ሳያስፈቅድ ሳድሪ ያድራል፤ የሆቴሉ ሂሳብ የድርጅቱ ነው።