ባለ 10 አሃዙን ቁጥር በወረቀትና በእስክሪብቶ እንዴት እንደፈታሁት

ሐዋሳ ውስጥ ተማሪ አስጠናለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ማትስ ነው። ትልቅ ቁጥር ሲያዩ ቶሎ ካልኩሌተር የሚያነሱ ልጆች ስለበዙብኝ አንድ ጥያቄ አዘጋጀሁላቸው፦ 4,294,967,297 ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለ ቁጥር) ነው ወይስ አይደለም? የተፈቀደው ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው። ከመስጠቴ በፊት ግን ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ ራሴ ሠራሁት።

ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። 32 ሁለቶችን አባዝቶ 1 መደመር ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 ገደማ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 (የሁለቶቹ ብዛት 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ እጥፍ ይሆናል) ፕራይም መሆናቸውን አይቶ፣ በዚሁ መንገድ የሚቀጥሉትም ሁሉ ፕራይም ናቸው ብሎ ገመተ። ቀጣዩ የእኛ ቁጥር ነው። በ1732 ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ግምቱን አፈረሰው።

በ3፣ በ7፣ በ11 እያሉ መሞከር አያዋጣም። የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ከ65,536 ትንሽ ስለሚበልጥ እስከዚያ ድረስ 6,542 ፕራይሞች አሉ። ማን ይጨርሰዋል! ኦይለር ያረጋገጠው ነገር ግን ሥራውን በጣም ያቀለዋል፦ የዚህ ቁጥር ፕራይም አካፋይ ሁሉ ለ64 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት። ስለዚህ 65፣ 129፣ 193 እያልኩ በ64 እየጨመርኩ ጻፍኩና ፕራይም ያልሆኑትን ሰረዝኩ። መጀመሪያ ላይ የቀሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ናቸው።

አሁን በጣም የምወደው ክፍል መጣ። ትልቁን ቁጥር ጨርሶ አልነካሁትም፤ ቀሪውን ብቻ ይዤ ሄድኩ። 641ን እንይ። 256 በ256 ሲባዛ 65,536 ነው፤ 65,536ን በራሱ አባዝተን 1 ስንጨምር ደግሞ ትልቁ ቁጥር ይመጣል። ይህ ለ641 ሲካፈል 154 ይተርፋል። 154ን በራሱ ሳባዛው 23,716 መጣ፤ እሱም ለ641 ሲካፈል ቀሪው 640። 1 ስጨምርበት 641! በቃ፣ ያለ ቀሪ ይካፈላል። ከእሱ በፊት ያሉት አራቱ እምቢ ብለዋል፤ 193 ላይ ለምሳሌ መጨረሻ የሚተርፈው 109 ነው።

ከዚያ በረጅሙ አካፈልኩና 6,700,417 አገኘሁ። ይህስ ፕራይም ነው? ስኩዌር ሩቱ 2,589 አይሞላም። ሉካስ ደግሞ በኋላ የኦይለርን ሕግ አጥብቆ 64ን በ128 ተክቶታል፤ ስለዚህ መሞከር ያለባቸው 257፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ብቻ ናቸው። አንዳቸውም ያለ ቀሪ አያካፍሉትም። ፕራይም ነው።

አሁን ሳስጠና ቀሪ ይዞ መሄድን አስቀድማለሁ፣ የ64ን ምክንያት ለኋላ አቆየዋለሁ፤ ምክንያቱም ልጆቹ ትልቁ ቁጥር በእጃቸው ሲያንስ ካዩ በኋላ “ቲቸር፣ ለምን 64?” ብለው ራሳቸው ይጠይቃሉ። ሌላው የያዝኩት ነገር፣ ቀሪው ትልቅ ሲሆን የጎደለውን ማባዛት ይሻላል። መልሱ አይለወጥም።

ይህ የሚጠቅመው ቀጣዩ የፌርማ ቁጥር ላይ ነው፤ ባለ 20 አሃዝ ነው። ላንድሪ በ1880 አካፋዩ 274,177 መሆኑን አሳይቷል። ቁጥሩ 4,294,967,296 በራሱ ተባዝቶ 1 ሲጨመርበት ነው፤ ስለዚህ በእጅ ለማረጋገጥ 4,294,967,296ን ለ274,177 አካፍሉ፤ ቀሪው 258,768 ነው፣ ለመሙላት 15,409 ይጎድለዋል። 15,409ን በራሱ አባዙት፤ 237,437,281 ይሆናል። 1 ስትጨምሩበት ልክ የ274,177 866 እጥፍ ነው።