ዛሬ እንጦጦ ዳገቷን ሳልቆም ወጣኋት
ዛሬ በጣም ደስ ብሎኛል ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ሶስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት አስር ደቂቃ አይኔን ጨፍኜ የእንጦጦን ዳገት በሀሳቤ ስሮጠው ነበር፣ የባህር ዛፉ ሽታ፣ ብርዱ፣ የጫማዬ ድምፅ፣ ከዛ ሁሌ እግሬ የሚታሰርባት የመጨረሻዋ ኩርባ ጋር ስደርስ ትከሻዬን ለቀቅ አድርጌ እርምጃዬን አሳጥሬ እስከ አስር ስቆጥር። አሰልጣኜ ነው ያስለመደኝ፣ ስታሸንፊ ብቻ ሳይሆን ስትቸገሪም እይው ይለኛል።

ይሄን በሀሳብ መሮጥ የምንሰራው በሂፕኖሲስ ነው። ሂፕኖሲስ ሲባል ብዙ ሰው ጥንቆላ ይመስለዋል፣ እኔም እፈራው ነበር፣ ግን እኛ የምንሰራው ትንፋሽን ዝግ አድርጎ ሰውነትን ከእግር ጣት ጀምሮ እያፍታቱ ሀሳብን አንድ ቦታ መሰብሰብ ነው።

አሜሪካዊውን ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስን አስታውሱት። በ2008 ቤጂንግ ኦሎምፒክ 200 ሜትር በተርፍላይ ዋና ላይ መነጽሩ ውሃ ሞልቶበት ግድግዳው እንኳን አልታይ ብሎት የእጁን ምት እየቆጠረ ጨርሶ በ1:52.03 የዓለም ሪከርድ ሰብሮ ወርቅ ወሰደ። አሰልጣኙ ቦብ ቦውማን ከልጅነቱ ጀምሮ ውድድሩን ማታና ጠዋት በጭንቅላቱ እንዲዋኘው ያደርገው ነበር፣ ነገር ሲበላሽበትም ጭምር። ይሄ እስካሁን ይገርመኛል፣ አይኑ ባያይም ሰውነቱ መንገዱን ያውቀዋል እኮ!!

ኪሎሜትሩ በእግር መሮጥ አለበት እሱ ግልፅ ነው። ግን ዛሬ ጠዋት ኩርባዋ ጋር እግሬ መታሰር ሲጀምር አልደነገጥኩም፣ ስድስት... ሰባት... ስምንት... ወጣሁ። ከላይ ሆኜ አዲስ አበባን ሳያት እንባዬ መጣ። ከዛሬ ማታ ጀምሮ ደግሞ የትራኩን 5000 ሜትር በሀሳቤ መሮጥ እጀምራለሁ።