ቃሉ የተወው ቦታ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያ መጽሐፌን የኅትመት ውል ፈረምኩ። ፊርማው የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነበር፤ እዚያ ለመድረስ ግን ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ሁለቱን በትምህርት፣ አንዱን ደግሞ ናሙናውን ልኬ የአሳታሚዎችን መልስ በመጠበቅ አሳለፍኩ። ይህን የምጽፈው ደስታው ሳይበርድ፣ በእነዚህ ዓመታት ስለ ልጆች መጽሐፍ ሥዕል የነበረኝ አስተሳሰብ እንዴት እንደ ተለወጠ ለራሴ ለማስቀመጥ ስለ ፈለግሁ ነው።

ትምህርቱን ስጀምር እጄ ለሥዕል አዲስ አልነበረም። የሰው ፊት፣ የእንስሳ አካል፣ የብርሃንና የጥላ አወራረድ ለዓመታት ተለማምጃለሁ። ስለዚህ የቀረኝ ነገር የልጆችን መጽሐፍ አሠራር ማወቅና አሳታሚ መፈለግ ብቻ መስሎኝ ነበር። የልጆች መጽሐፍ ሠዓሊ ሥራው የተጻፈውን አንብቦ፣ የተጻፈውን በሥዕል ማሳየት ነው ብዬ አምን ነበር። ጽሑፉ «ልጅቷ ቀይ ኳስ ይዛ ሮጠች» ካለ፣ ልጅቷን፣ ኳሱንና ሩጫዋን አሳምሬ ካስቀመጥኩ ግዴታዬን የተወጣሁ ይመስለኝ ነበር።

ይህ እምነት የፈረሰው በመጀመሪያው ዓመት አጋማሽ፣ የራሴን ታሪክ በናሙና መጽሐፍ መልክ ሠርቼ ባቀረብኩ ዕለት ነው። ታሪኩ የአንዲት ትንሽ ልጅና የዓይናቸው ብርሃን እየደከመ የሄደ አያቷ ታሪክ ነው። አያቷ በየቀኑ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው «ዛሬ ግቢው ምን ይመስላል?» ብለው ይጠይቋታል፤ እርሷም አበባው እንደ ፈካ፣ ወፎቹ እንደ መጡ፣ ዛፉ ቅጠል እንዳወጣ ትነግራቸዋለች። እኔም አበባውን፣ ወፎቹንና ለምለሙን ዛፍ አንድ በአንድ፣ በብዙ ትዕግሥት በውሃ ቀለም ሥዬ ነበር። መምህሬ ናሙናውን ተቀብለው አንዱን ሥዕል በነጭ ወረቀት ሸፈኑና ጽሑፉን ጮክ ብለው አነበቡ። ቀጥለው ወረቀቱን አነሡና «ሥዕሉ ሲገለጥ ምን አዲስ ነገር አገኘሁ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ገጽም ያንኑ አደረጉ፤ ሥዕሉ ጽሑፉ የተናገረውን ከመድገም በቀር አንድም ነገር አልጨመረም ነበር።

ለሁለት ሳምንት ያህል ታሪኩን ልጥለው አስቤ ነበር። ያዳነው አንድ ጥያቄ ነው፦ ልጅቷ የምትናገረው እውነት ባይሆንስ? ግቢው ውስጥ አበባ ባይኖርስ? ከጽሑፉ አንዲት ቃል እንኳ ሳልነካ ሥዕሎቹን ሁሉ እንደ ገና ጀመርኩ። በአዲሶቹ ሥዕሎች ዛፉ ደርቋል፣ የአበባው ማሰሮ ተሰንጥቋል፣ የወፎቹ ጎጆ ባዶ ነው። ልጅቷ ግን ባዶውን ግቢ እያየች «አበባው ፈክቷል» ትላለች። ያ ዐረፍተ ነገር መጀመሪያ ተራ መግለጫ ነበር፤ አሁን ግን አንዲት ትንሽ ልጅ ለምትወዳቸው ሰው የምትደክመው ድካም ሆነ። ጽሑፉ ስለ ፍቅር አንድም ቃል አይናገርም። በቃሉና በሥዕሉ መካከል ክፍተት ስለ ተፈጠረ ፍቅሩ እዚያ ገባ፤ ገጹን የሚያየው ልጅም ራሱ ያገኘዋል። እኔ ስለዚህ ሙያ ከተማርኩት ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ይህን ለማገልገል የሚመጣ ሆኖ ይታየኛል።

በኋላ በቤተ መጻሕፍት ሳነብ ይህ ግኝት ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው ተረዳሁ። ከ1846 እስከ 1886 እ.ኤ.አ. የኖረው እንግሊዛዊው ሠዓሊ ራንዶልፍ ካልዴኮት የታወቀ የልጆች ግጥም ወስዶ ሲሥል፣ ግጥሙ «ሳህኑ ከማንኪያዋ ጋር ኮበለለ» ብሎ በሚያበቃበት ቦታ አላበቃም። ገጹ ሲገለጥ ሳህኑ ተሰባብሮ ወድቋል፣ ማንኪያዋንም ወላጆቿ ቢላዋና ሹካ ይዘዋት ይሄዳሉ። ግጥሙ ስለዚህ ምንም አላለም። አሜሪካዊው የልጆች መጽሐፍ ሠዓሊ ሞሪስ ሴንዳክ በ1963 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዝነኛ መጽሐፉ ደግሞ ሥዕሎቹ ከትንሽ ሳጥን ተነሥተው በየገጹ እያደጉ ይሄዱና ቃላቱን ከገጹ ያስወጧቸዋል፤ ሦስት ድርብ ገጾች (መጽሐፉ ሲገለጥ ጎን ለጎን የሚታዩት ሁለት ገጾች አንድ ድርብ ገጽ ይባላሉ) ያለ አንድ ቃል ያልፋሉ። ያን መጽሐፍ ብዙ ጊዜ አይቼው ነበር፤ የሥዕሎቹን መጠን በማስመሪያ ለክቼ እስካውቀው ድረስ ግን ለምን ልብ እንደሚይዝ አላወቅሁም።

ከዚያ በኋላ የመጽሐፉ አካል ራሱ ትምህርት ሆነኝ። የልጆች የሥዕል መጽሐፍ በአብዛኛው 32 ገጽ የሚሆነው በዘፈቀደ አይደለም። ማተሚያ ቤት ትልቅ ወረቀት በሁለቱም ገጽታው አትሞ፣ አጥፎና ቆርጦ ስለሚጠርዝ፣ የገጾቹ ብዛት ለ8 ወይም ለ16 የሚካፈል መሆን አለበት። ከ32ቱ ላይ የርዕሱ ገጽ፣ የቅጂ መብት መግለጫውና መታሰቢያው ሲነሡ ለታሪኩ የሚቀረው 12 ወይም 13 ድርብ ገጽ ያህል ነው። መጀመሪያ ላይ ይህ ልክ እንደ እስር ቤት ነበር የተሰማኝ። ዛሬ ግን ገጣሚ ለቤት አመታቱ እንደሚጠነቀቀው የምጠነቀቅለት ልክ ነው። ሁሉንም ድርብ ገጾች እንደ ክብሪት ሳጥን አሳንሼ በአንድ ወረቀት ላይ በእርሳስ እደረድራቸዋለሁ፤ ያኔ ታሪኩ የት እንደሚሮጥ፣ የት እንደሚያርፍ፣ የት እንደሚደጋገም በአንድ እይታ ይታየኛል። ቀጥዬ ተራ ወረቀት አጥፌ ናሙና እሰፋለሁ፤ ምክንያቱም ገጽ መግለጥ በእጅ የሚፈጸም ድርጊት ስለ ሆነ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ሊመዘን አይችልም። ልጁ ገጹን ሊገልጥ እጁን በሚዘረጋባት ቅጽበት ውስጥ ጥያቄ መኖር አለበት። በእኔ ታሪክ ውስጥ የአያቷ ጥያቄ ሁልጊዜ በቀኝ ገጽ ታችኛው ጠርዝ ላይ የሚወድቀው፣ ግቢውም ገጹ ሲገለጥ ብቻ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ቦታ እስካገኝ ድረስ ዘጠኝ ናሙና ሰፍቻለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ያደከመኝ ልጅቷን በየገጹ ያችኑ ልጅ ማድረግ ነበር። የአዋቂ ሰው ቁመት የጭንቅላቱን ርዝመት ሰባት ተኩል እጥፍ ያህል ሲሆን የትንሽ ልጅ ቁመት ግን አራት ወይም አምስት እጥፍ ነው፤ ይህ ልክ በአንዱ ገጽ ትንሽ ሲዛባ ልጅቷ በድንገት ሁለት ዓመት ታድጋለች፤ ትንንሽ አንባቢዎችም ይህን ከአዋቂ ፈጥነው ያስተውላሉ። ስለዚህ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ፣ ስታዝን፣ ስትሮጥ፣ ውሸት ስትናገር እያልኩ ደብተር ሞላሁ። ውሸት ስትናገር የሚለው ብቻውን ሦስት ሳምንት ፈጀ። የልጅቷ አፍ ፈገግ ሲል እጆቿ ከኋላዋ መቆላለፍ እንዳለባቸው የተረዳሁት አንድ ልጅ ስጦታ ሲደብቅ ካየሁ በኋላ ነው።

የቴክኒኩን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው። ሥዕል ከገጹ መቁረጫ መስመር አልፎ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር መውጣት እንዳለበት፣ በስክሪን ላይ የሚያበሩ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለማት በአራቱ የማተሚያ ቀለማት ሲታተሙ እንደሚደበዝዙ መማሬ ጊዜዬን አድኖልኛል። ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የጽሑፉ ጉዳይ ነው። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም፣ ከሥዕሉ ተለይቶ እንዲቀመጥ የሚፈለገው መጽሐፉ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጎም ጥቁሩን የማተሚያ ሰሌዳ ብቻ ለመለወጥ እንዲቻል ነው። እኔ በሥዕሎቼ ውስጥ ባሉ የማስታወቂያ ሰሌዳዎችና ግድግዳዎች ላይ ፊደላት መሣል እወድ ነበር። ለመጽሐፉ ረጅም ዕድሜ ስል ተውኩት፤ አልቆጨኝም።

ትምህርቱን ከጨረስኩ በኋላ ያለፈው ዓመት ከሁለቱ የትምህርት ዓመታት ይልቅ ከባድ ነበር። ለአሳታሚ የሚላከው ያለቀ መጽሐፍ አለመሆኑን መምህሮቼ አስጠንቅቀውኝ ነበር፤ የሚላከው ሙሉው ናሙና በእርሳስ ንድፍ፣ ከእርሱም ጋር ሁለት ወይም ሦስት የተጠናቀቁ ባለ ቀለም ድርብ ገጾች ናቸው። ሁሉን ቀለም ቀብቶ የሚልክ ሠዓሊ አርታዒው የሚጨምርበትን ቦታ ይዘጋል፤ ለውጥ ሲጠየቅም ልቡ ይሰበራል። እኔም እንደ ታዘዝኩት አድርጌ ለ11 አሳታሚዎች ላክሁ። ጊዜውን ግን አላወቅሁበትም። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጣሊያኗ ቦሎኛ በየዓመቱ በጸደይ ወራት በሚካሄደው የልጆች መጻሕፍት ዐውደ ርዕይ ዋዜማ የላክሁት፣ ብዙዎቹ አሳታሚዎች ለዚያ ሲዘጋጁ አዲስ ሥራ ለማየት ፋታ በማያገኙበት ወቅት ነበር።

ስድስቱ ምንም አልመለሱም። አራቱ በትሕትና እምቢ አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ታሪኩ ለልጆች እንደሚያሳዝን ጽፎልኛል። ያ ደብዳቤ ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ምክንያቱም ልጆች ኀዘንን አያውቁም ብዬ አምኜ አላውቅም። የሚያስፈልጋቸው ኀዘኑን ይዞ የሚያሻግራቸው ታሪክ ነው። በዚያ ወቅት ያበረታኝ የእንግሊዛዊቷ የልጆች መጽሐፍ ጸሐፊና ሠዓሊ የቢያትሪክስ ፖተር ታሪክ ነው። ስለ ጥንቸል የሠራችውን ትንሽ መጽሐፍ አሳታሚዎች ሲመልሱባት በ1901 እ.ኤ.አ. በራሷ ወጪ 250 ቅጂ አሳተመች፤ በሚቀጥለው ዓመት ቀደም ሲል እምቢ ካሏት አሳታሚዎች አንዱ በቀለም አወጣው። እኔ በራሴ ገንዘብ ለማሳተም አልደፈርኩም። ነገር ግን ናሙናውን በየጊዜው እያነሣሁ አሻሽል ነበር፤ በስምንተኛው ወር ከአሥራ አንደኛው አሳታሚ መልስ ሲመጣ የነበረኝ ናሙና ከላክሁት የተሻለ ነበር።

ውሉን ከመፈረሜ በፊት ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የቅድሚያ ክፍያው ስጦታ አይደለም፤ ከመጽሐፉ ሽያጭ ከሚገኘው የሮያሊቲ ድርሻዬ ላይ የሚታሰብ ስለ ሆነ፣ ያ መጠን እስኪሸፈን ድረስ ሌላ ክፍያ አይመጣም። ጸሐፊና ሠዓሊ ሁለት ሰዎች ሲሆኑ ድርሻውን በአብዛኛው ይካፈሉታል፤ ብዙ ጊዜም አሳታሚው ስለሚያገናኛቸው ሥራው እስኪያልቅ ሳይተዋወቁ ይቆያሉ። በጥንቃቄ ያየሁት የቅጂ መብቱን አንቀጽ ነው፤ መብቱን ለአሳታሚ አሳልፎ መስጠትና ለተወሰነ ጊዜና ለተወሰነ አገልግሎት መፍቀድ እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የእኔ ውል ሁለተኛው ነው። መጽሐፉ አንባቢ እጅ ለመግባት ሁለት ዓመት ገደማ ይወስዳል።

ከአርታዒዋ ጋር የተነጋገርነው ግን ከገንዘቡ ይልቅ ስለ አንዲት ቅጠል ነው። በአራተኛው ድርብ ገጽ ላይ ነፋስ በመስኮቱ አንዲት ደረቅ ቅጠል ያስገባል፤ ከዚያ ገጽ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ቅጠሏ በአያቷ መዳፍ ውስጥ ናት። ጽሑፉ አይጠቅሳትም። ያያት ልጅ አያቷ ግቢው መድረቁን እንደሚያውቁ፣ አውቀውም የልጅ ልጃቸውን ቃል በደስታ እንደሚሰሙ ይረዳል። አርታዒዋ መጀመሪያ «አያቷ ግን ያውቁ ነበር» የሚል ዐረፍተ ነገር በመጨረሻው ገጽ እንዲጨመር ሐሳብ አቅርባ ነበር፤ ቅጠሏን የማያስተውሉ ልጆች እንዳይቀርባቸው ሰግታ ነው። ስጋቷ ተገቢ ነበር። እኔም ዐረፍተ ነገሩ ከተጨመረ ቅጠሏን ያገኘ ልጅ ግኝቱ እንደሚወሰድበት ነገርኳት። ናሙናውን ወስዳ ለአንድ የስድስት ዓመት ልጅ አነበበችለት። ልጁ በሰባተኛው ድርብ ገጽ ላይ ጣቱን በአያቷ መዳፍ ላይ አድርጎ «እሷ ያላወቁ መስሏታል» እንዳለ ነገረችኝ። ዐረፍተ ነገሩ ሳይጨመር ቀረ።

ከውሉ ጋር የመጣው የእርማት ዝርዝር አጭር ነው። በአራተኛው ድርብ ገጽ ላይ ቅጠሏ ሁለቱ ገጾች በሚጋጠሙበት የጥራዝ መስመር ላይ ወድቃለች፤ መጽሐፉ ሲጠረዝ ግማሿ ስንጥቁ ውስጥ ትጠፋለች። ወደ ቀኝ ሁለት ሴንቲ ሜትር መሄድ አለባት፤ ቅጠሏ ስትሄድ የአያቷ እጅም፣ እጁ ሲሄድ ትከሻቸውም አብሮ ይለወጣል። ጠረጴዛውን ጠርጌ አዲስ ወረቀት ዘርግቻለሁ፤ ዛሬ ማታ ከእጁ እጀምራለሁ።