የአፍሪካ አዳራሽ፦ የመስታወቱና የሴራሚኩ ነገር

ከመስቀል አደባባይ በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ሽቅብ ሲሄዱ፣ ከእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለፍ ብሎ፣ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ትይዩ የቆመው አዳራሽ ስሙ የሚነሣው ከግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ጋር ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ቤት ነውና ይገባዋል። ስለ ሕንፃው አሠራር ግን ብዙ አይወራም፤ እዚህ ላይ የማነሣው ይህንኑ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ መቀመጫው አዲስ አበባ እንዲሆን ሲወሰን፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ማረፊያ አሠርተው በስጦታ ሰጡት። ንድፉን ያወጣው በአስመራ ይሠራ የነበረው ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው። በቸርችል ጎዳና አናት ላይ ያለው ማዘጋጃ ቤትም የእሱ እጅ ነው። ግንባታው 18 ወር ያህል ብቻ ፈጅቶ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ሜዜዲሚ ወንበሩንና ጠረጴዛውን ጭምር ነው የነደፈው፤ ስለዚህ አንድ ወንበር በገበያ ወንበር ቢተካ የንድፉ አንድ ክፍል ጎደለ ማለት ነው።

የውጭው ግድግዳ የለበሰው ትንንሽ ሴራሚክ ነው። እንዲህ ያለ ልባስ ለአዲስ አበባ አየር ቀላል ሥራ አይደለም። ቀን ፀሐዩ ይከራል፣ ሌሊት ብርዱ ይጸናል። ሴራሚኩ፣ ከሥሩ ያለው ልስንና ኮንክሪቱ በሙቀት የሚለጠጡት እኩል አይደለም። መፈናፈኛ ክፍተት ካልተተወላቸው ሴራሚኩ ከልስኑ መላቀቅ ይጀምራል። ከዚያ ክረምት ሲገባ ውኃ በስንጥቁ ሰርጎ በኮንክሪቱ ውስጥ ያለውን ብረት፣ ፌሮውን ያገኘዋል። የዛገ ፌሮ ደግሞ ያብጣል፤ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። የተላቀቀውን ለመለየት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም፦ በመዶሻ እጀታ ቀስ እያሉ መምታት ነው። የያዘው ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ የለቀቀው እንደ ባዶ ጣሳ ይጮኻል። ባዶ የሚጮኸውን በኖራ ምልክት እያደረጉ ስፋቱን መለካት፣ ከዚያም ውኃው ከየት እንደሚገባ አስቀድሞ ማግኘት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከጣሪያው አሸንዳ ወይም ከመስኮቱ ደፍ ነው። ምንጩ ሳይዘጋ ሴራሚክ መለጠፍ ዕቃም ጉልበትም ማባከን ነው። በአዳራሹ እድሳት ጊዜ በሚሊዮን የሚቆጠር ሴራሚክ የቀድሞውን ቀለም እንዲመስል ተደርጎ በአዲስ መተካቱ ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል። በአሉሚኒየም ሰሌዳ መሸፈን በርካሽ ያልቅ ነበር፤ የከተማችን የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ሕንፃዎች ስንቱ በዚህ ሽፋን መልኩን እንዳጣ ማየት ያሳዝናል። ሽፋኑ ስንጥቁን ከዓይን ይሰውራል እንጂ አያድነውም።

ወደ መስታወቱ እንምጣ። የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ስፋት አለው፤ በሦስት ተከፍሎ የአፍሪካን ያለፈ ሰቆቃ፣ ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን ያሳያል። ከደጅ ሆኖ ለሚያየው ጥቁር ግራጫ ነገር ነው፣ ምንም አይናገርም። ገብቶ ብርሃኑን ከፊት ለፊት መቀበል ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሥራ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጎዳው መስታወቱ አይደለም፤ የያዘው ነገር ነው። ማሸጊያው ፀሐይ ሲመታው ይደርቅና ይፈረከሳል፣ የብረቱ ክፈፍ በሙቀት ሲለጠጥ መፈናፈኛ ያጣል፣ ሲዝግም መስታወቱን ይጫነዋል። ያኔ ገጹ ይጎብጣል። የጎበጠውን በእጅ ገፍቶ ማቅናት መስታወቱን መስበር ነው፤ ማውረድ፣ ቁራጩን በቁጥር መመዝገብ፣ ማጽዳትና መልሶ መግጠም ነው መንገዱ። አሲድ ያለበት ማጽጃም ፈጽሞ ሊነካው አይገባም።

ከሁሉ የከበደው ግን የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። አዳራሹ በተመረቀ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በዚያው በ1953 ዓ.ም.፣ በደሴ መንገድ ያለችው ካራቆሬ በከባድ መንቀጥቀጥ ተመታች። ለብዙ ዓመታት ከቆየው እድሳት በኋላም፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ዳግም ሲከፈት፣ የፈንታሌና የአዋሽ አካባቢ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በእድሳቱ የሕንፃው አጥንት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም መጠናከሩ ስለዚህ ቅንጦት አልነበረም። ይህ ሥራ ለጎብኚ አይታይም፤ ሲያልቅ በልስንና በሴራሚክ ይሸፈናል። ስለዚህ የማጠናከሪያው ሥዕልና የፌሮው ልክ በጥንቃቄ ተመዝግቦ መቀመጥ አለበት፤ ያለዚያ የሚቀጥለው ጥገና ባለሙያ ግድግዳውን እየቦረቦረ ይፈልገዋል።

በዚያ ዘመን የተሠራ ሕንፃ የሚጠብቅ ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት በግንቦት፣ አሸንዳውን ያስጠርግ፣ የመስኮቱን ማሸጊያ በጣት እየተጫነ ይፈትሽ፣ ግድግዳውንም በመዶሻ እጀታ ያዳምጥ። ፎቶውን በየዓመቱ ከአንድ ቦታ ላይ ማንሣት ስንጥቁ እያደገ ወይም ባለበት የቆመ መሆኑን ያሳያል።