«አቡዬ፣ ልጄን ብቻ»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። ለምድረ ከብዱ ጻድቅ ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሁለት ነገር ተስዬ ነበር። አንዱ ጥላ ነው፤ እሱን አስገብቻለሁ። ሁለተኛው «ያደረግህልኝን ለሰው እናገራለሁ» ያልኩት ነው። እሱ እስከ ዛሬ ቆየብኝ። ጉባኤ ፊት ቆሜ ልናገር ብል አፌ ይተሳሰራል። ስለዚህ ልጻፈው።

የተወለድኩት ጉራጌ ሶዶ ነው፤ ከቡኢ ከተማ በእግር የሚኬድ ገጠር። በ1984 ዓ.ም. በ13 ዓመቴ በጭነት መኪና ተጭኜ አዲስ አበባ ገባሁ። ስነሳ እናቴ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ 15 ብር ሰጠችኝ። በትንሽ ጨርቅ የተቋጠረ የምድረ ከብድ እምነትም፣ የተባረከውን አፈር፣ ጨመረችልኝ። «ሲጨንቅህ አቡዬን ጥራው። ያረፈው እኛ አገር ነው፤ ድምፅህን ያውቀዋል» አለችኝ።

ሰባተኛ አካባቢ አጎቴ ቤት አረፍኩ። መጀመሪያ ሊስትሮ ሆንኩ። ከዚያ ሱቅ በደረቴ ያዝኩ፤ ካልሲ፣ መሐረብ፣ ምላጭ፣ ማስቲካ። ማታ ማታ አጎቴ ሳንቲሜን ያስቆጥረኛል። «ትርፉን ብላ፣ ዋናውን አትንካ» ይለኝ ነበር። እኔ ትርፉንም አልበላሁም፤ እቁብ ጣልኩበት። በ1990ዎቹ መጨረሻ አርከበ ሱቅ ደረሰኝ። በ2003 መርካቶ ሸማ ተራ ገባሁ፤ ብርድ ልብስና አንሶላ እሸጥ ጀመር። በጥቂት መስመር ጻፍኩት እንጂ 19 ዓመት ነው።

ሰው «ከዜሮ ተነስቶ እዚህ የደረሰ» ሲለኝ ደስ አይለኝም። እኔ ሱቅ በደረቴ ስዞር ለምግብ ቤት እንጀራ እየጋገረች የቤት ኪራያችንን የከፈለችው ባለቤቴ ናት። ዐይኗ እስከ ዛሬ ያለቅሳል። የምጣድ ጭስ ነው። እቁብ መክፈያዬ ጎድሎብኝ በሊጥ እጇ ከመቀነቷ ፈትታ የሰጠችኝን ቀን አልረሳውም። ብሩ ላይ ሊጡ ደርቆ ነበር። እግዚአብሔር አራት ልጆች ሰጠን።

አቡዬን ረስቼው አላውቅም። በየወሩ በ5 ሳሪስ አቦ ሄጄ እሳለማለሁ። ማኅበርም አለን፣ ተራ ሲደርሰኝ እዘክራለሁ። ግን እውነቱን ልናገር። ዓመታት ሙሉ የምለምነው ስለ ዕቃ ነበር። «ይሄን ጭነት በሰላም አስገባልኝ፣ ያን ዕዳ አስከፍለኝ፣ ገበያውን ባርክልኝ።» ሚስቴንና ልጆቼን የማነሳቸው መጨረሻ ላይ ነው፤ ተሳልሜ ወደ በሩ ስመለስ።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ሰኞ ነበር። ሸማ ተራ የነደደበት ምሽት ነው፤ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። እኔ ጉንፋን ይዞኝ ቀደም ብዬ ቤት ገብቻለሁ። ሱቁን የሚዘጋው የ21 ዓመቱ ትልቁ ልጄ ነው። ከትምህርት ሲወጣ እየመጣ ያግዘኛል። ስልኬ ጮኸ። የሱቅ ጎረቤቴ ነው። «ተነስ፣ ሸማ ተራ እሳት ተነስቷል!»

ልጄ ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። ደገምኩት። ይጠራል። ሦስተኛው ላይ ስልኩ ዝግ ሆነ።

ከአየር ጤና መርካቶ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ራጉኤል ጋ ስደርስ ሰማዩ ቀልቷል። ሰው ጣቃ ተሸክሞ ይሮጣል፤ ያለቅሳል፤ ስም ይጠራል። ወደ ውስጥ ልገባ ስል ፖሊሶች ያዙኝ። «ልጄ እዚያ ነው» አልኳቸው። «አባት፣ አይቻልም» አሉኝ። ከቆምኩበት ሆኜ የኛ መስመር ሲነድ አየሁ። ብርድ ልብስ ሲቃጠል ጭሱ እንደ ሬንጅ ጥቁር ነው። የማን ዕቃ እንደሆነ አውቄዋለሁ። የሚገርመው፣ ምንም አልተሰማኝም።

ወደ ራጉኤል አጥር ዞርኩና አስፋልቱ ላይ ተንበረከክሁ። አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ፤ መሃሉ ጠፋብኝ። ከዚያ ይህን ብቻ አልኩ። «አቡዬ፣ ዕቃውን ተወው። ልጄን ብቻ ስጠኝ። ጥላ አስገባለሁ። ያደረግህልኝን እናገራለሁ።» ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። ድምፄ እስኪዘጋ አልኩት።

ከምሽቱ 5 ሰዓት አልፎ ከኋላዬ «አባዬ» የሚል ሰማሁ።

ዞርኩ። ልጄ ነው። አንድ እግሩ ጫማ የለውም፤ ካልሲው በውሃና በጥላሸት ተጣብቆበታል። ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ ይዟል። አቅፌው ገና ምንም ሳልጠይቀው፣ «አባዬ ይቅርታ፣ ዕቃ አላወጣሁም» አለኝ።

የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር። ይህን ስጽፍ እንኳን ደረቴን ይይዘኛል። ልጄ ከእሳት ወጥቶ የሚፈራው የእኔን ብርድ ልብስ ነበር። ማን አስተማረው? እኔ ነኛ።

ከእኛ በላይ ፎቅ ላይ ነጠላ የሚሸጡ እናት ነበሩ፤ ጉልበታቸው ደረጃ አያወርድም። ልጄ ጭሱን ሲያይ ስልኩን ባንኮኒው ላይ ትቶ ወደ እሳቸው ነው የወጣው። በጀርባው አዝሎ ሲያወርዳቸው የደረጃው ብረት መዳፉን ላጠው። ከዚያ በሌላ በኩል ይዟቸው ወጥቶ ዘመዶቻቸው እስኪመጡ አጠገባቸው ተቀምጦ ቆየ። እኔ በዚህ በኩል ነፍሴ ስትወጣ እሱ በዚያ በኩል የሰው እናት ውሃ ያጠጣ ነበር።

ሱቁ ሙሉ በሙሉ ተቃጠለ። ከገንዘብ መሳቢያው በላይ አቡዬ ከአንበሶቹና ከነብሮቹ ጋር ያለበት ሥዕል ነበረኝ፤ እሱም ተቃጠለ። እናቴ በ1984 የሰጠችኝ እምነትም መሳቢያው ውስጥ ነበር። አንድ ወዳጄ «ታዲያ አቡዬ ምን አደረገልህ?» ብሎ ጠየቀኝ። «የለመንኩትን» አልኩት።

በሦስተኛው ቀን የእቁባችን ዳኛ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቤቴ መጣ። ቡና እየጠጡ ስለ ሌላ ስለ ሌላው አወሩ። ሊነሱ ሲሉ ዳኛው «የዚህ ሳምንት ዕጣ አይጣልም። ያንተ ነው» አለኝ። ተራቸውን የሚጠብቁ፣ እነሱም ሱቃቸው የነደደባቸው ሰዎች ነበሩ እኮ። ባለቤቴ ጀበናውን ይዛ ቆማ ቀረች። በዚያ ብር ነው እንደገና የተነሳሁት። ዛሬ በትንሽ ኪራይ ሱቅ ውስጥ ነኝ። የዱቤ ዕዳዬ ገና አላለቀም፤ እየከፈልኩ ነው።

መጋቢት 5 ለአቡዬ በዓል ሁላችንም ወደ ምድረ ከብድ ወረድን። ጥላውን የተሸከመው ልጄ ነው። አዲስ የወጣው የመዳፉ ቆዳ ስስ ስለነበር እጀታው ላይ መሐረብ ጠቅልሎ ያዘው። ጥላውን ካስገባን በኋላ እናቴ እጁን ይዛ ዘርግታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ያ የሰጠሁህስ?» አለችኝ።

«ተቃጠለ እማዬ» አልኳት።

ምንም አላለችም። ከነጠላዋ ጫፍ ሌላ ቋጠሮ ፈታች። እምነቱን በልጄ መዳፍ ላይ አኖረችና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው።