የደቻቱ አሸዋና የሁለቱ አምፖሎች ጥያቄ

ድሬዳዋ፣ ግንቦት

ዛሬ በአምስተኛው ክፍለ ጊዜ የሆነውን ሳልጽፍ ከተኛሁ ነገ መልኩ እንደሚለወጥብኝ ስለማውቅ፣ የሚታረመውን የፈተና ወረቀት ወደ ጎን ገፍቼ ይህን ደብተር ይዣለሁ። የጣሪያው ማራገቢያ የሚገፋው ሙቅ አየር ነው፤ ቢሆንም ከክፍሉ ሙቀት ይሻላል።

ፊዚክስ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድ ነገር አስረድቼ ስጨርስ ወደ ተማሪዎቼ ዞሬ «ገብቷችኋል?» እላለሁ፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ ቲቸር!» ይላል፤ እኔም ሰሌዳውን አጥፍቼ ወደሚቀጥለው ርዕስ እሻገራለሁ። ይህ «አዎ» ምን ያህል ባዶ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ነበረብኝ፤ ምክንያቱም ተማሪ ሳለሁ እኔም ስለው ኖሬአለሁ። ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት በ1997 ዓ.ም.፣ ፕላዝማው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በገባበት ዓመት ነው። ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት የሚደርሰን መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቀናል፤ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፤ ከዚያም ማንም አፉን ሳይከፍት «ጎበዞች!» ብሎን ያልፋል። መልሰን እንዳንጠይቀው አይሰማንም፣ ቆይ እንዳንለው አይቆምም። በዚያ ስክሪን ስንቀልድ አደግን፤ ነገር ግን እኔም በሰሌዳዬ ፊት ቆሜ ከእርሱ የተለየ ነገር እንደማላደርግ ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

በኢንተርኔት የሚገኙ የማስተማሪያ መሣሪያዎችን መሞከር የጀመርኩት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ነበር። የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን፤ ማስታወሻ እልካለሁ፣ ጥያቄ እለጥፋለሁ፣ ስልክ ያለው ይመልሳል፣ ስልክ የሌለው ይቀራል። ከዚያ በኋላ ካሁት የሚባለውን፣ ኖርዌይ ውስጥ የተሠራውን የጥያቄና መልስ ጨዋታ በኮምፒውተር ክፍላችን ሞከርኩት። ከአሥራ ስምንቱ ኮምፒውተሮች የሚሠሩት አሥራ አንድ ስለነበሩ በአንዱ ላይ አምስት አምስት ተማሪ ተደረበ። ደስታው ከመጠን በላይ ሆኖ ከጎን ክፍል የሚያስተምሩት አንጋፋ ባልደረባችን በሩን ከፍተው «ሠርግ ነው እንዴ?» ብለው ተመለሱ። ጨዋታው ለፈጣን መልስ ብዙ ነጥብ ስለሚሰጥ ማውዙን የሚይዘው ሁልጊዜ ደፋሩ ነው፤ አስቦ የሚመልሰው ተማሪ ከኋላው ቆሞ አንገቱን ያሰግጋል። በዚያ ቀን ማን ምን እንዳላወቀ ሳላውቅ ወጣሁ፤ ያወቅሁት ማን ፈጣን እንደሆነ ብቻ ነው።

ሐረር የሚያስተምር አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ፕሊከርስ የሚባለውን ያሳየኝ በዚህ ዓመት መጀመሪያ ነው። የሚፈለገው የመምህሩ አንድ ስልክ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ጥቁርና ነጭ ቅርጽ የታተመበት የራሱ ቁጥር ያለው ወረቀት ይይዛል፤ በአራቱ ጠርዞች ላይ በጣም ትንንሽ ሆነው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ተጽፈዋል፤ ተማሪው የመረጠውን ፊደል ወደ ላይ አድርጎ ወረቀቱን ሲያነሣ እኔ በስልኬ ካሜራ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር እቃኛለሁ፣ የእያንዳንዱም መልስ ከነስሙ ይመጣልኛል። የእያንዳንዱ ወረቀት ቅርጽ የተለየ ስለሆነ የጎረቤትን አይቶ መገልበጥ ቀላል አይደለም። የተለመደው እትም 40 ወረቀት አለው፤ በስም ዝርዝሬ ላይ 58 ተማሪ ስላለ 63 ያለውን ወስጄ ከዚራ ሰፈር ከሚገኝ ኮፒ ቤት አሳተምኩ፣ የወረቀቶቹንም ቁጥር ከተማሪዎቹ ተራ ቁጥር ጋር አዛመድኩ።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ልጻፍ፤ ገንዘብ አስከፍሎኛልና። ወረቀቶቹ በላብና በእጅ ብዛት እንዳይበላሹ ብዬ ሁሉንም በፕላስቲክ አስለበጥኳቸው። በመጀመሪያው ቀን ግን በመስኮቱ በኩል የተቀመጡት ተማሪዎች ሲያነሧቸው የድሬ ፀሐይ በፕላስቲኩ ላይ እያብለጨለጨ ካሜራው ግማሹን ማንበብ አቃተው። ፕላስቲኩን ሳይቀደድ ማላቀቅ ስለማይቻል እንደገና አሳትሜ በካርቶን ላይ አጣበቅኋቸው። በጣታቸው ቅርጹን የሚሸፍኑ አሁንም አሉ፤ «ጣት!» እያልኩ መጮህ የዕለት ሥራዬ ሆኗል።

ወደ ዛሬው ልመለስ። የአሥረኛ ክፍል የኤሌክትሪክ ምዕራፍ ላይ ነን። ትናንት ስለ ኤሌክትሪክ ፍሰት አስረድቼ፣ ጠይቄ፣ የለመድኩትን «አዎ» ተቀብዬ ወጥቻለሁ። ዛሬ አንድ ጥያቄ ብቻ አቀረብኩ፦ ሁለት እኩል የሆኑ አምፖሎች በአንድ መስመር ተከታትለው ከባትሪ ጋር ቢያያዙ የትኛው የበለጠ ይበራል? ኤ የመጀመሪያው፣ ቢ ሁለተኛው፣ ሲ ሁለቱም እኩል፣ ዲ አንዳቸውም አይበሩም። ክፍል ከነበሩት 56 ተማሪዎች 37ቱ ኤ ብለው መለሱ። ሲን የመረጡት 14 ብቻ ነበሩ። በየዓመቱ በፈተና ጥሩ ውጤት ከሚያመጡት መካከል አብዛኞቹ ከ37ቱ ጋር ናቸው።

ኤን ከመረጡት አንዱን ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። «አቦ ቲቸር፣ አንተው አይደለህ እንዴ ደቻቱ ያልከን!» አለኝ። (በድሬ አንቱታ ለእንግዳ ነው።) እውነቱን ነው። የኤሌክትሪክ ፍሰትን የማስረዳው በየዓመቱ ከተማችንን አቋርጦ በሚያልፈው በደቻቱ ወንዝ ነው፤ ውኃው ከደንገጎ በኩል ከደጋው ይወርዳል፣ ከፍታው እንደ ቮልቴጅ ነው፣ በመንገዱ ላይ ያለው ድንጋይ እንደ አምፖል ነው እላለሁ። በምሳሌው እኮራበት ነበር፤ ከከተማው የወጣ፣ ማንም የሚያውቀው ነው ብዬ። እነዚህ ልጆች ግን የሚያውቁት ደቻቱ ሌላ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን የወሰደው ደቻቱ እነርሱ ከመወለዳቸው በፊት የሆነ ነገር ነው፤ በየቀኑ የሚሻገሩት አሸዋውን ነው። ጎርፍ ሲወርድም የሚያዩት አሸዋው ውኃውን እየጠጣው ወደ ታች በሄደ ቁጥር ሲያንስ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው አምፖል እንደ አሸዋው ጠጥቶ ለሁለተኛው ትንሽ ያስተርፋል። ሠላሳ ሰባቱ አልዘነጉም፣ አልሰነፉም፤ ያስተማርኳቸውን በትክክል ነው የመለሱት።

ለዚህ ቦታ የተዘጋጀ ሌላ መሣሪያ በፍላሽ ይዤ ነበር። የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን በ2002 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የመሠረተው ፌት የተባለ ፕሮጀክት በነጻ የሚያድላቸው የሙከራ ማሳያዎች አሉ፤ አንድ ጊዜ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ለእኛ ትምህርት ቤት ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም። በፕሮጀክተር ባትሪ፣ ሽቦና ሁለት አምፖል አገናኘሁ። ኤሌክትሮኖቹ እንደ ትንንሽ ሰማያዊ ኳሶች ሆነው በሽቦው ውስጥ ሲሄዱ ይታያሉ። ግማሹን ክፍል ከመጀመሪያው አምፖል በፊት የሚያልፉትን፣ ግማሹን ከሁለተኛው በኋላ የሚያልፉትን እንዲቆጥሩ አደረግሁ። ቁጥሩ እኩል ሲመጣ ከኋላ አንዱ «ታዲያ ካልተበላ ባትሪው ለምን ያልቃል?» አለ። በአሥራ ሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም። መልሱን ልጀምር አፌን ስከፍት መብራት ሄደ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳቁ ሲበርድ በእጄ የቀረው ስልኬ ብቻ ነበር፤ የመልሶቹ ዝርዝር አሁንም ይታየኛል። ሲ ብለው ከመለሱት መካከል ተራ ቁጥር 41 ነበረች። ከመስከረም ጀምሮ ድምጿን ሰምቼ አላውቅም፤ ስልኩ ባያሳየኝ ኖሮ እስከ ሰኔም አልጠይቃትም ነበር። ለምን ሲ እንዳለች ስጠይቃት ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ እንደማፈር ብላ «እንደ ብስክሌት ሰንሰለት መሰለኝ» አለች። አባቷ ብስክሌት ይጠግናል። ፔዳሉን ስትመታው ሰንሰለቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ጎማውን አዙሮ ሲመለስ አንድም ቀለበት አይጎድልም፤ የሚደክመው ፔዳል የሚመታው ሰው ነው። የባትሪው ጥያቄ በዚያው ተመለሰ፤ የሚያልቀው ጉልበቱ እንጂ ሰንሰለቱ አይደለም። እኔ የጨመርኩት ነገር ቢኖር ጉልበት ያልኩትን በመጽሐፉ ስም ኢነርጂ ብዬ መጥራቴ ብቻ ነው።

ደወሉ ከመደወሉ በፊት ያንኑ ጥያቄ ደገምኩት፤ የስልኬ ዳታ እንደ መብራቱ አልከዳኝም። 44ቱ ሲን መረጡ። ከቀሩት 12 አንዱ በመጀመሪያው ዙር በትክክል መልሶ የነበረ ነው፤ ምን አሳስቶት እንደሆነ ነገ ለብቻው እጠይቀዋለሁ።

በፕሊከርስ ማርክ ላለመያዝ የወሰንኩት ከኅዳር ጀምሮ ነው። አንድ ጊዜ ከአምስት ነጥብ እይዛለሁ ብዬ ነበር፤ በዚያ ቀን ፊደሎቹ ቢደበቁም ጎበዙ ወረቀቱን ወዴት እንዳዞረ አንገታቸውን እየጠመዘዙ ሲከተሉ አየሁ። ርዕሰ መምህሩ ለምን እንደማልይዝ ጠይቀውኝ ያስረዳሁ ቢሆንም የተስማሙ አልመሰለኝም።

ነገ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ 10ሐ ነው፤ እነርሱንም ከትናንት በስቲያ ደቻቱን አስተምሬአቸዋለሁ። በጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በተራ ቁጥር 41 አባት መጠገኛ በኩል አልፌ አንድ አሮጌ ሰንሰለት እንዲያውሱኝ መለመን አለብኝ።