ፋንታሲው ሲያልቅ የትኛውን ሳይንስ ፊክሽን ላንሳ?

አሥርና አሥራ አራት ቅጽ ያለው ፋንታሲ ውስጥ ወራት ከርሞ የወጣ አንባቢ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ስህተት ይሠራል። «የምንጊዜም ምርጥ ሳይንስ ፊክሽን» የሚል ዝርዝር ይፈልግና ከላይ ያገኘውን ያነሳል። ከላይ የሚገኘው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የአይዛክ አሲሞቭ «ፋውንዴሽን» ነው። ይከፍተዋል፤ ሰዎች ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው ይከራከራሉ። ጉዞ የለም፣ ሰይፍ የለም፣ ገና መልመድ የጀመረው ገጸ ባህሪ ብዙም ሳይቆይ ከመድረክ ይወርዳል። መጽሐፉን ይከድንና «ሳይንስ ፊክሽን ለእኔ አይሆንም» ይላል። መጽሐፉም ደህና ነው፣ አንባቢውም ደህና ነው፤ የተሳሳተው ቅደም ተከተሉ ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው መጻሕፍቱ ከተወለዱበት ቦታ ነው። ኤፒክ ፋንታሲ፣ ማለትም ረጅሙ የጀብዱ ፋንታሲ፣ ብዙ ጊዜ ከመነሻው በቅጽ በቅጽ ታስቦ ይጻፋል፤ አንድ ሰው ከመንደሩ ይነሳል፣ እኛም እግር በእግር እንከተለዋለን። ቀደምቱ ሳይንስ ፊክሽን ግን በአብዛኛው የመጽሔት ልጅ ነው። «ፋውንዴሽን» ከ1942 እስከ 1950 እ.ኤ.አ. «አስታውንዲንግ» በተባለ መጽሔት ላይ በአጫጭርና በመካከለኛ ታሪኮች መልክ ወጣ፤ በሦስት መጻሕፍት የተሰበሰበው ከ1951 እስከ 1953 ባለው ጊዜ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ አምስት ክፍል አለው። በክፍሎቹ መካከል አሥርት ዓመታት ያልፋሉ፣ ሰዎቹም አብረው ያልፋሉ። 12,000 ዓመት የኖረ የጋላክሲ ግዛት ሊፈርስ ነው፤ ተከትሎት የሚመጣው ጨለማ 30,000 ዓመት መቆየቱ ቀርቶ በ1,000 ዓመት እንዲያበቃ የተነደፈ ዕቅድ አለ። የመጽሐፉ ጀግና ያ ዕቅድ ነው። ይህን አውቆ የገባ አንባቢ በየክፍሉ አዲስ ሰው ሲገጥመው አይበሳጭም።

በ1966 ለምንጊዜም ምርጥ ተከታታይ ሥራ ሁጎ የተባለው የሳይንስ ፊክሽንና የፋንታሲ ሽልማት ሲሰጥ የቶልኪን ፋንታሲ «ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ራሱ ከዕጩዎቹ አንዱ ነበር፤ ያሸነፈው «ፋውንዴሽን» ነው። ስለዚህ ይነበብ፣ ግን ሦስተኛ ወይም አራተኛ ሆኖ። ሲነበብም በታተመበት ቅደም ተከተል ይሁን። በ1988 የወጣው «ፕሪሉድ ቱ ፋውንዴሽን» በታሪኩ ዘመን ቀዳሚ ስለሆነ ከእሱ የሚጀምሩ አሉ። ደራሲው ግን የጻፈው የቀደሙትን ለሚያውቅ ሰው ነው፤ ገና ምንም ላላነበበ ሰው ግማሹ ትርጉም አይሰጥም።

ታዲያ ከየት ይጀመር? እኔ የምመክረው ፈተና ቀላል ነው። ከጨረሳችሁት ፋንታሲ ውስጥ የትኛውን ምዕራፍ ደግማችሁ አነበባችሁ? «የትኛው ገጸ ባህሪ ደስ አላችሁ» ከሚለው ጥያቄ ይህ ይሻላል፤ ሰው በአፉ ውጊያ እወዳለሁ ይልና እጁ ግን ሁልጊዜ የሚመለሰው እሳት ዳር ተቀምጠው ወደሚያወሩበት ምዕራፍ ነው። የምትከተሉት እጃችሁን ይሁን።

እጃችሁ ወደ ቤተ መንግሥት ሴራ፣ ወደ ጎሳ ቂም፣ ወደ ትንቢትና ወደ ካርታ የሚሄድ ከሆነ መልሱ የፍራንክ ኸርበርት «ዱን» ነው፤ 1965። የመስፍን ልጅ አለ፣ የተነጠቀ ርስት አለ፣ በረሃ አለ፣ የሚጠበቅ መሲሕ አለ። ዘመኑ የጠፈር መርከብ ሆኖ ሳለ ሰዎቹ በጩቤ ይዋጋሉ፤ ፋንታሲ አንባቢ ይህን እንደ ለመደው ነገር ቆጥሮ ሊያልፈው ይችላል። እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ምክንያት አለው። ሰው አካሉን የሚሸፍን የማይታይ ጋሻ ይለብሳል። ጋሻው በፍጥነት የሚመጣውን ሁሉ ይመልሳል፣ ስለዚህ ጥይት አይሠራም፤ ቀስ ብሎ የሚገባ ስለት ግን ያልፋል። የጨረር መሣሪያ ተኩሰው ጋሻ ቢነካ ደግሞ ተኳሹንም ተመቺውንም የሚያጠፋ ፍንዳታ ይፈጠራል። ስለዚህ ጩቤው ተመልሶ መጣ፤ በጩቤ የሚዋጉትም ልጆች እጃቸው መጨረሻው ላይ እንዲዘገይ ይሠለጥናሉ። ኮምፒውተር የሌለውም እንዲሁ በምክንያት ነው፤ በጥንት ዘመን አሳቢ ማሽኖች ላይ ጦርነት ተደርጎ ስለታገዱ በምትካቸው እንደ ማሽን የሚያሰሉ ሰዎች ይሠለጥናሉ። ከፋንታሲ ወደ ሳይንስ ፊክሽን የመሻገር ሙያ በሙሉ ይኸው ነው። እንግዳ ነገር ባያችሁ ቁጥር «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጥሩ መጽሐፍ ይመልስላችኋል።

«ዱን» ላይ አንባቢ የሚወድቅባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው የመጀመሪያዎቹ ገጾች የቃላት ጎርፍ ነው። ከኋላ የቃላት መፍቻ አለ፤ በየመስመሩ ወደዚያ የሚሮጥ ሰው ግን የልጁ እጅ ሣጥን ውስጥ ገብቶ አንገቱ ላይ መርዛማ መርፌ የተደገነበትን ትዕይንት ሙቀት ያጣዋል። ዝም ብላችሁ እለፉ፤ ቃሉ አስፈላጊ ከሆነ ተመልሶ ይመጣል፣ ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ካልገባችሁ ያኔ ፈልጉት። ከመፍቻው ጋር ያሉትን አባሪዎች ግን መጽሐፉ ሳያልቅ አትንኩ። ሁለተኛው፣ ከሃዲው ማን እንደሆነ ገና በጠዋቱ ይነገራችኋል። ይህ የደራሲው መዝረክረክ አይደለም። ልብ ሰቀላው «ማነው?» ከሚለው ወደ «እያወቅን እንዴት ሊደርስ ቻለ?» ወደሚለው እንዲዞር አስቦ ነው። የ1969ኙ ተከታይ «ዱን መሲያ» አጭር ነው፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ የገነባውን ጀግና ያፈርሰዋል። ድል ፈልጎ የሚያነበው ያዝናል። እኔ ግን ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ነው ሙሉ የሚሆኑት ባይ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ኸርበርት ራሱ የጻፋቸው አራት አሉ፤ ግዴታ አይደሉም።

እሳት ዳር ለሚመለሱት፣ ማለትም ሁለት መንገደኞች በብርድ ተጠጋግተው ቀስ በቀስ የሚተዋወቁበትን ምዕራፍ ለሚወዱት፣ የኧርሱላ ለ ጊን «ዘ ሌፍት ሃንድ ኦቭ ዳርክነስ» ነው፤ 1969። ደራሲዋ ከአንድ ዓመት በፊት «አ ዊዛርድ ኦቭ ኧርዝሲ» የተባለውን ፋንታሲ ስላሳተመች ቋንቋዋ ለፋንታሲ አንባቢ ባዕድ አይሆንም። ሁልጊዜ ክረምት የሆነች ፕላኔት፣ ቋሚ ፆታ የሌላቸው ነዋሪዎቿ፣ ብቻውን የተላከ መልእክተኛ። ችግሩ፣ የመጽሐፉ ፊተኛ ክፍል የመንግሥታት ሽኩቻ ነው፣ ዝግም ያለ ነው፤ በየመካከሉም ከዋናው ታሪክ ጋር የማይገናኙ የሚመስሉ የጥንት ተረቶች ይገባሉ። ብዙ ሰው እነሱን ይዘላል። አትዝለሉ፤ ኋላ በረዶው ላይ ሁለት ሰዎች አንድ ሸርተቴ እየጎተቱ ከሁለት ወር በላይ ሲጓዙ ተረቶቹ ከሥር ሆነው ይሠራሉ። ሌላው ነገር ተራኪው ይለዋወጣል፤ አንዳንዱ ምዕራፍ የመልእክተኛው ነው፣ አንዳንዱ የባልንጀራው የቀን ማስታወሻ። አዲስ ምዕራፍ ስትጀምሩ የሚናገረው ማን እንደሆነ በመጀመሪያው አንቀጽ ለዩ፤ ካልለያችሁ ያው አንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ ሲተረክ ግራ ይገባችኋል።

የፈረሱ ከተሞችን፣ የተረሱ መጻሕፍትን፣ «ጥንት እዚህ ምን ነበር?» የሚለውን ጥያቄ የምትወዱ ዕድለኞች ናችሁ፤ በዚህ በኩል ሳይንስ ፊክሽን ከፋንታሲ ይበልጣል ብል አላፍርም። የዋልተር ሚለር «አ ካንቲክል ፎር ሊቦዊትዝ» የታተመው በ1959 ነው። ከኑክሌር ጦርነት በኋላ መነኮሳት የጥንቱን ሳይንስ ቅሪት ሳይገባቸው ይገለብጣሉ። ፍራንሲስ የሚባል ወጣት መነኩሴ አንድ ጥንታዊ የኤሌክትሪክ ንድፍ ያገኛል። ምን እንደሆነ አያውቅም። ቅዱስ እንደሆነ ግን ያምናል፤ ስለዚህ በወርቅና በሐረግ አስጊጦ ለመገልበጥ 15 ዓመት ይፈጅበታል። መንገድ ላይ ወንበዴ ይይዘዋል፤ ወንበዴውም የሚያብረቀርቀውን ግልባጭ ዋናው መስሎት ይወስድና ደብዛዛውን ዋና ቅጂ ይተውለታል። የ15 ዓመቱ ድካም ዋናውን አዳነው ማለት ነው። በየትኛውም ዘንዶ ባለበት መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ልብ የሚነካ የቅርስ ታሪክ ለማግኘት ይቸግራል። መጽሐፉ ሦስት ክፍል ነው፤ በመካከላቸው መቶዎች ዓመታት ያልፋሉና ከፍራንሲስ ጋር አብራችሁ እስከ መጨረሻው አትሄዱም። ያን ሐዘን ቀድማችሁ ቁረጡት።

ሌሎቹን ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። ዘንዶውን ራሱን መተው ላቃተው የአን መካፍሪ «ድራገንፍላይት»፣ 1968፤ ዘንዶዎቹ በዘረመል ሥራ የተፈጠሩ ናቸው፣ ፕላኔቷም የሰው ሰፈራ ናት፤ ለስላሳ ድልድይ ነው። አማልክትና ተአምር ለሚወድ የሮጀር ዜላዝኒ «ሎርድ ኦቭ ላይት»፣ 1967፤ በቴክኖሎጂ ራሳቸውን የሂንዱ አማልክት ያደረጉ ሰፋሪዎች ታሪክ ነው። ሰባት ምዕራፍ አለው፤ ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ ታሪኩ ወደ ኋላ ይመለስና ሰባተኛው ላይ ይገጥማል። ይህን ሳያውቁ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ገጽ የጎደለ ይመስላል። የተጓዦች ስብስብ ለሚወድ የዳን ሲመንስ «ሃይፒሪየን»፣ 1989፤ ሰባት ምእመናን ወደ አንድ አስፈሪ ፍጡር ይጓዛሉ፣ በመንገድ ስድስት ታሪክ ይነገራል። መጽሐፉ ሳይቋጭ ያበቃል፤ ስለዚህ «ዘ ፎል ኦቭ ሃይፒሪየን»ን አብራችሁ ያዙ፤ ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው።

ሰው የማያውቀውን የመቃኘት ጉጉት ብቻ ለሚፈልግ የአርተር ክላርክ «ራንዴቩ ዊዝ ራማ»፣ 1973፤ 50 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ባዶ ሲሊንደር፣ አጫጭር ምዕራፎች፣ ጥቂት ቀን የሚያልቅ። ገጸ ባህሪያቱ ስስ ናቸው፤ ዋናው መቼቱ ነው። የገዛ ጓደኞቹ የሚመስሉትን የፋንታሲ ጀግኖች ተሰናብቶ የመጣ ሰው ወዲያው ካነበበው ይበርደዋል፣ ስለዚህ በሁለት ከባድ መጻሕፍት መካከል አስገቡት።

እትም ስትመርጡ ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ እንደገና በታተሙ ቀደምት መጻሕፍት ፊት ሌላ ደራሲ የጻፈው መግቢያ ብዙ ጊዜ መጨረሻውን ያወጣል፤ መጨረሻ ላይ አንብቡት። ለ ጊን በ1976 ለራሷ መጽሐፍ የጻፈችው መግቢያ ግን ምንም አያበላሽም፤ ሳይንስ ፊክሽን ትንቢት አለመሆኑን የምታስረዳበት ነውና ለማንኛውም ጀማሪ ይጠቅማል። ሁለተኛ፣ ትርጉም ከሆነ ከምን ተተረጎመ? የስታኒስዋፍ ሌም «ሶላሪስ» በ1961 በፖላንድኛ ወጣ፤ ለረጅም ጊዜ የተነበበው የእንግሊዝኛ ቅጂ ግን ከፈረንሳይኛው የተመለሰ ነው። ከፖላንድኛ በቀጥታ የተተረጎመው የቢል ጆንስተን ሥራ በ2011 መጣ፤ ከቻላችሁ እሱን ፈልጉ።

መቼ ይጣል? «50 ገጽ ሞክረህ ተው» የሚለው ደንብ ለእነዚህ መጻሕፍት አይሠራም፤ እያንዳንዱ የራሱ በር አለው። «ዱን»ን ቤተሰቡ በረሃ ላይ እስኪወድቅ፣ «ፋውንዴሽን»ን ሦስተኛው ክፍል እስኪያልቅ፣ «ካንቲክል»ን የመጀመሪያው ክፍል እስኪዘጋ፣ «ሃይፒሪየን»ን የቄሱ ታሪክ እስኪፈጸም፣ «ሌፍት ሃንድ»ን በረዶው ላይ እስኪወጡ ታገሡት። እዚያ ደርሶ ካልያዛችሁ ያለ ጸጸት አስቀምጡት። ዕድሜያቸው የሚያሳብቅባቸውም ነገር አለ፤ የመጀመሪያው «ፋውንዴሽን» ውስጥ ሴት የለችም ማለት ይቻላል። ይህ ካስቆጣችሁ ቁጣችሁ ትክክል ነው፤ ቀጥሎ ለ ጊንን አንሱ።

የጂን ዎልፍን «ዘ ቡክ ኦቭ ዘ ኒው ሰን» ለመጨረሻ ያቆየሁት የመጀመሪያ ምርጫ እንዳይሆን ብዬ ነው። ከ1980 ጀምሮ በአራት ቅጽ ወጣ። ፀሐይ ልትጠፋ በተቃረበችበት ሩቅ ዘመን ከገራፊዎች ማኅበር የተባረረ ወጣት ሰቬሪያን ታሪኩን ይናገራል፤ ምንም አልረሳም ይላል፣ ግን ሁሉንም አይነግረንም። ላይ ላዩን ፍጹም ፋንታሲ ነው፤ ሰይፍ፣ ካባ፣ ግንብ። ገና በመጀመሪያው ቅጽ አንድ ሽማግሌ የቆየ ሥዕል ሲያጸዳ ሰቬሪያን ያየዋል። በምድረ በዳ የቆመ ባለ ጥሩር ሰው ነው፤ መሣሪያ የለውም፣ ድርቅ ብሎ የቆመ እንግዳ ባንዲራ ይዟል፣ የራስ ቁሩ ፊት ሙሉ በሙሉ ወርቅ ነው፣ ወርቁ ላይ የሚታየው ነጸብራቅ ሕይወት የሌለው በረሃ ብቻ ነው። ሰቬሪያን ባላባት መስሎት ያልፋል። እናንተ ግን ጨረቃ ላይ የቆመውን ሰው አውቃችሁታል። መጽሐፉ በሙሉ የተጻፈው እንዲህ ነው። ቃላቱ እንግዳ ቢሆኑም ፈጠራ አይደሉም፣ የተረሱ ጥንታዊ ቃላት ናቸው፤ ትልቅ መዝገበ ቃላት አጠገባችሁ ይኑር። የመጀመሪያው ቅጽ የከተማይቱ በር ላይ በድንገት ያቆማል፤ አራቱን እንደ አንድ መጽሐፍ ቁጠሩና ሁለተኛውን ሳትይዙ አትጀምሩ። አራተኛው ሲያልቅ ወዲያው ወደ ምዕራፍ አንድ ተመለሱ፤ ሰቬሪያን የት እንደሚደርስ እዚያው ነግሯችሁ ነበር።